ከደቻቱ ማዶ የሚሰማ ዘፈን

ሰሞኑን እዚህ ፌስቡክ ላይ አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲዘዋወር አይታችሁ ይሆናል። አራት ጎረምሶች ናቸው። ፀጉራቸው አፍሮ፣ ሱሪያቸው ቤልቦተም፣ ሸሚዛቸው እስከ ደረት የተከፈተ፤ የድሬ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። ትልልቆቹ «አቦ፣ ድሬ ድሮ ቀረች!» እያሉ ሼር ያደርጉታል፣ ልጆቹ ደግሞ በሱሪው ይስቃሉ። እኔም የታሪክ መምህር ነኝና ክፍል ወስጄ አሳየኋቸው። አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እንዲህ የለበሰ ልጅ ያኔ ድሪያ የለበሰች የመጋላ ልጅ መጥበስ ይችል ነበር?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደወሉም ተደወለና ዳንኩ። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ስለዚህች ከተማ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው ይመስለኛል። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ከባድና ውድ ሆነና ሜዳው ተመረጠ። «አዲስ ሐረር» ተብላም ነበር። ከተማዋ ስትወለድ ጀምሮ ሁለት ናት። በደቻቱ ወዲህ ከዚራ፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የጥላ ዛፎች፣ የባቡር ኩባንያው ቢሮዎች፣ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ከደገኛው የመጣው ጸሐፊና መካኒክ። በደቻቱ ወዲያ መጋላ፦ ቀፊራ ገበያ፣ ጠባብ መንገዶች፣ መስጊዶች፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ። በእርግጥ ሰው እንዲህ በመስመር ተከፍሎ አይኖርም፣ ሁሉም ሁሉም ጋ ነበር። ግን የድሬ ልጅ የሆነ ሁሉ የምለው ይገባዋል።

ደቻቱ ደግሞ የሚገርም ድንበር ነው። በዓመቱ ብዙውን ቀን ውሃ የለበትም፣ አሸዋ ብቻ ነው፣ በእግራችሁ ትሻገሩታላችሁ። ሲመጣ ግን ይገድላል። የ1998ቱን ጎርፍ እዚህ ከተማ ውስጥ የማያስታውስ የለም። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ፍቅርም እንደዚሁ ነው ብዬ አስባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መሻገር ቀላል ነበር፣ ያልቀለለበት ቀን ግን ከባድ ነበር።

የአንድ ሰው ወገን ከልብሱ ይታወቅ ነበር። ድሪያና ሻሽ፣ ሽርጥና ኮፍያ፣ ነጠላና ቀሚስ፣ ኮትና ባርኔጣ። አፍ ከመክፈቷ በፊት ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች፣ በምን ቋንቋ እንደምትቆጣ፣ ወንድሞቿ የት እንደሚውሉ ከሩቅ ይታወቃል። ልብስ ስንል ፋሽን ብቻ አይደለም፣ መታወቂያ ወረቀት ነው። በዓይን የሚታየው ሁሉ «አይሆንም» እያለ ሳለ በጆሮ የሚገባው ግን ሌላ ነበር። ሙዚቃ ድልድይ አይጠይቅም። የመጋላ ሠርግ ከበሮና ዑድ ማታ በነፋስ ከዚራ ይደርሳል። ከሱቅ ሬዲዮ ዓረብኛው፣ ሶማሊኛው፣ አማርኛው ይወጣል። ብትፈልግም ባትፈልግም የጎረቤትህን ዘፈን በቃልህ ትይዛለህ። ትርጉሙን ሳታውቅ!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሲያጫውቱኝ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያ ወሬ የሚከፈተው «ዘፈኑ ምን ይላል?» በሚል ጥያቄ ነበር። ምንም ነውር የሌለበት ጥያቄ ነው። ወንድሟ ቢሰማ ምን ይላል? ልጅቷ ግን ስትተረጉም የፍቅር ግጥም ነው የምትተረጉመው፣ በራሷ አፍ፣ ዓይኑን እያየች። ከዚህ የተሻለ መጥበሻ ዘዴ ካለ ንገሩኝ።

የምሥራቅ ሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ የሚባል ጭፈራ አለው። የክፍል ልጆቼ በስልክ ያዩታል እንጂ ምን እንደሆነ አይነገራቸውም። ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ ጭንቅላት እየነቀነቁ፣ በግጥም የሚጠያየቁበት ነው። ማለትም መተያየትና መመራረጥ በአደባባይ፣ በሥርዓት፣ በትልልቆች ፊት የሚደረግበት ነው። «የድሮ ሰው ፍቅር አያውቅም ነበር» ለሚሉ ሰዎች የማሳየው ይህንን ነው።

ታዲያ በ1950ዎቹ አጋማሽ የድሬ ልጆች ይህን የገጠር ስሜት ወደ ከተማ መሣሪያ አመጡት። አፍራን ቀሎ የሚባለው ቡድን የተቋቋመው እዚህ ነው። ስሙ አራቱን የቀሎ ጎሳዎች ያመለክታል፦ አላ፣ ባቢሌ፣ ኦቦራና ዳጋ። በሠርግና በዒድ ይጫወቱ ነበር። ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚህ ቡድን ነው፣ ያኔ ገና ልጅ ነበር፣ «ቢራ» የሚለው መጠሪያም የወጣለት ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። አስቡት፣ የገጠሩን ዜማ በዑድ እየመቱ፣ ልብሳቸውን የከተማ ልጅ አድርገው፣ የእናቶቻቸውን ቋንቋ በመድረክ ላይ የሚዘፍኑ ወጣቶች። እስከዚያ ድረስ «ዘመናዊ» መሆን ከፈለግህ ወደ ከዚራ መሻገር ነበረብህ፣ አለባበስህንም ቋንቋህንም እዚያ ትለውጣለህ። አሁን ዘመናዊው ነገር ከመጋላ መጣ። እስቲ የዚያን ጊዜ የመጋላ ልጃገረድ ሁኑና አስቡት። የምትወዱት ልጅ ሌላ ሰው ሳይሆን የሚያምር ሆነ።

መንግሥት ግን አልወደደውም። ቋንቋውን በመድረክ መስማት በራሱ ጥርጣሬ የሚያስነሳበት ዘመን ነበር። አባላቱ ተዋከቡ፣ የታሰረ ታሰረ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ የተሰደደ ተሰደደ፣ ቡድኑ ተበተነ። የሠርግ ዘፈን ነው እኮ! ዓሊ ራሱ በኋላ አዲስ አበባ ወርዶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ፤ ነገሩን ስታዩት ታሪክ ቀልደኛ ነው። ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ የዘፈነ ሰው ነው። ይህ ለእኔ የችሎታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጆሮ የሚወጣው የጎረቤት ዘፈን በግድ ከሚሰማበት ከተማ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረውም እዚሁ ድሬ ነው።

የፎቶው ጎረምሶች እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ የመጡት ናቸው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የመንግሥቱን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዓለማየሁ እሸቴ ፀጉሩንም ልብሱንም የአሜሪካ ዘፋኞችን አስመስሎ መድረክ ላይ ወጣ። አፍሮ፣ ቤልቦተም፣ ሚኒ። ድሬ ደግሞ በዚህ ነገር ከማንም አታንስም፣ ጅቡቲ በባቡር ቅርብ ናት፣ ጨርቁም ቴፑም በሕጋዊም በሌላም መንገድ ይገባል (የቱ እንደሚበዛ አትጠይቁኝ)። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጣው ሕዝብም እዚህ ወርዶ ነበር ወደ ቁልቢ የሚቀጥለው። የአዲስ አበባን አለባበስ ለማየት ጣቢያው በር ላይ መቆም በቂ ነው። ጎረምሶቹ ፎቶውን እዚያ የተነሱት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ያ አለባበስ ደግሞ ለአንዳንዱ እብደት፣ ለአንዳንዱ ክህደት ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ (ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ) የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃወሙ፣ እንቁላል ተወረወረ፣ ሰው ታሰረ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ወግ አጥባቂ ሽማግሌዎች አልነበሩም፣ ተራማጅ የሚባሉት ነበሩ። ሚኒ የምዕራቡ ዓለም የባህል ወረራ ነው አሉ። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1968 በታንዛኒያም የገዢው ፓርቲ ወጣቶች ሚኒ፣ ዊግና ጠባብ ሱሪ ይከልከል ብለው ተነሱ። ቀኙም ግራውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፣ የሴቷ ቀሚስ ርዝመት የእነሱ ጉዳይ ነው። እስቲ ፎቶውን እንደገና እዩት፣ አንድም ሴት የለችበትም። ልጁ ቤልቦተም ለብሶ ጣቢያ በር ላይ ሲቆም «ወጣት ነው» ይባላል። ልጅቷ ብትቆምስ? ደቻቱን ሲሻገሩ ሁለቱም አሸዋውን እኩል አልረገጡም። እሱ ተሻግሮ ተመለሰ፣ ለጓደኞቹ አወራ። እሷ ከተሻገረች ብዙ ጊዜ የምትመለስበት ቤት አይኖራትም። ድሮን ስናወድስ ይቺን ባንዘላት ጥሩ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ አፍሮው ለብዙው የ«ንዑስ ከበርቴ» ምልክት ሆነ፣ ካኪው ነገሠ። ሰዓት እላፊው የማታውን ሕይወት ገደለው፣ የሠርግ ጭፈራ ወደ ቀን ዞረ። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ከተማችን ደጃፍ መጣ፣ ከዚያ በኋላ የጎረቤትን ቋንቋ መውደድ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም። ነገር ግን ደርግ ራሱ ሳያስበው አንድ በር ከፈተ፦ የቀበሌ ኪነት። የከዚራውም የመጋላውም ልጅ፣ ሴቱም ወንዱም፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ኦሮምኛውንም ሶማሊኛውንም አማርኛውንም ጭፈራ እንዲለማመድ ተደረገ። ለአብዮቱ ስንት ካድሬ እንዳፈራ አላውቅም። ስንት ባልና ሚስት እንዳፈራ ግን ድሬ ውስጥ ያሉ ቤቶችን ጠይቁ።

ከዚያ ካሴት መጣ። ለዚህ ዘመን ልጆች ማስረዳት አለብኝ። ሙዚቃ ቤት ትሄዳለህ፣ የመረጥካቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈህ ትሰጣለህ፣ ባለ 60 ወይ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ላይ ይቀዱልሃል። ለልጅቷ ትሰጣታለህ። ምርጫው ነው ደብዳቤው። አንድ ጎን ሙሉ ጥላሁን፣ ሌላው ጎን ሙሉ ዓሊ ከሆነ፣ ያ ልጅ ምን እያለ እንደሆነ የድሬ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። «የአንቺንም ሰምቻለሁ» ነው የሚለው። ቴዲ አፍሮ በ1997 ዓ.ም. «ሼመንደፈር» ብሎ በሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት ሰዎችን ፍቅር ሲዘፍን አገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ነገር ተቀበለው። እዚህ ግን ብዙ ሰው «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ ነበር የሰማው። ወላሂ።

አሁንስ? አሁን የክፍሌ ልጆች አራት አምስት ዓይነት ናቸው። ጥቁር ዓባያ የለበሰችው ነሺዳ ታዳምጣለች። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈው መዝሙር። ፀጉሩን ያንጨፈረረው ራፕ። ሌላው ከፊንፊኔ የወጣ አዲስ የኦሮምኛ ክሊፕ። ዩኒፎርም ቢለብሱም ከጫማና ከፀጉር ይለያያሉ። አንዱ የሌላው ዓይነት «አይመቸኝም» ይላል፣ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዘፈን የሚያወራ መስሎ። ልዩነቱ ከድሮው አልበለጠም፣ እንዲያውም ያንሳል ባይ ነኝ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስልክ ነው የያዙት። የተለወጠው ኢርፎኑ ነው። የማዶው ዘፈን በነፋስ አይመጣም። ከአጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ምን እንደምትሰማ አያውቅም፣ ስለዚህም «ምን ይላል?» ብሎ አይጠይቃትም። ባጃጅ ባይኖር ኖሮ የሰው ዘፈን የምንሰማበት ቦታ ባልቀረን ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚ አያይበትም። የቀበሌ ኪነትም የለም። ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው የቀረው፣ እዚያም አንድ ላይ የሚዘፈነው የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለልጅቷ መልሴ፦ አዎ፣ መጥበስ ይችል ነበር፣ ብዙዎቹም ጠብሰዋል። አንዳንዶቹ ተጋብተው ልጆቻቸው ዛሬ ሦስት ቋንቋ ተናጋሪ የድሬ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ተለያይተው ሌላ ሰው አግብተው፣ ካሴቱን ግን አልጣሉትም። የእነዚያን ወሬ ለመስማት ጊዜ የለንም፣ ሰዎቹ እያረጁ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የመጋላ ወይም የከዚራ ሠርግ ፎቶ፣ ሴቶች ያሉበት በተለይ፣ ወይም የዚያን ዘመን የተቀዳ ካሴት ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ካሴቱ ባይሠራም ግድ የለም፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የዘፈን ዝርዝር ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ለማን እንደተቀዳ አልጠይቅም።