የብሬነር በር፦ የነፃ ዝውውር ዕዳ የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

በኦስትሪያና በጣሊያን ወሰን ላይ የሚገኘው የብሬነር በር ከባሕር ጠለል በላይ 1,370 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከታላላቆቹ የአልፕስ ተራሮች መተላለፊያዎች ዝቅተኛው በመሆኑ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ነጋዴም ሠራዊትም ሲመርጡት ኖረዋል። ዛሬ በዚህ ጠባብ ሸለቆ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ከባድ የጭነት መኪኖች ያልፋሉ። ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን አውሮፓ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያልመለሰችው ጥያቄ አለ፦ አንድ መንገድ ጥቅሙ ለመላው አህጉር ሲዳረስ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በሩ የመንግሥታት ወሰን የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የተፈረመው የሳን ዠርመን ውል የቲሮልን ምድር ለሁለት ከፍሎ ደቡቡን ለጣሊያን ሰጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ይህን ወሰን በመንገድ የመሻገር ሥራ ተጀመረ። ኦስትሪያ ከኢንስብሩክ በስተደቡብ፣ ከሸለቆው ወለል 190 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚያልፈውን ድልድይ በ1963 መርቃ ከፈተች፤ ስሙንም «የአውሮፓ ድልድይ» አለችው። በጣሊያን በኩል ከብሬነር እስከ ሞዴና የሚዘልቀው፣ 313 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ በ1974 ተጠናቀቀ። በተራራው ግራና ቀኝ የነበሩት ገበያዎች እጅግ ተቀራረቡ።

ይሁን እንጂ የጭነት ባለቤት የሚከፍለው የነዳጁን፣ የሹፌሩንና የመንገዱን ዋጋ ነው። በሸለቆው የሚታመቀው ጭስና ሌሊቱን የሚያስተጋባው ጩኸት በደረሰኙ ላይ አይሰፍርም። የምጣኔ ሀብት ምሁራን «ውጫዊ ወጪ» የሚሉት ይህን ነው፤ ወጪው የለም ማለት ሳይሆን ከፋዩ ሌላ ነው ማለት ነው።

ኦስትሪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ከመሆኗ በፊት ይህን ወጪ ለመተመን ሞክራ ነበር። በ1992 ከአውሮፓ ማኅበረሰብ ጋር በፈረመችው ስምምነት አገሯን አቋርጦ የሚያልፍ እያንዳንዱ ከባድ መኪና በሚያወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን «ኢኮ ነጥብ» እንዲያወጣ ተደረገ። ዓላማው ብክለቱን በ60 በመቶ መቀነስ ነበር። ሥርዓቱ ብልኀት ያለው ቢሆንም ጉድለት አላጣውም፤ ሞተር በተሻሻለ ቁጥር ለአንድ ጉዞ የሚጠየቀው ነጥብ ስለሚያንስ፣ ጭሱን የገታውን ያህል ጩኸቱንና መጨናነቁን አልገታም። እርሱም በ2003 መጨረሻ ላይ አበቃ።

የነገሩ ውስብስብነት የታየው በ1998 ነው። በሚያዝያ ወር የሼንገን ስምምነት ተግባራዊ ሆኖ በብሬነር የነበረው የወሰን ፍተሻ ቀረ። በሰኔ ወር ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪዎች በባለሥልጣናት ፈቃድ መንገዱን ለ30 ሰዓታት ያህል ዘጉት። መንግሥታት የከፈቱትን በር ነዋሪዎች ዘጉት ማለት ነው። አንድ የጀርመን የጭነት ማመላለሻ ኩባንያ ለደረሰበት ኪሳራ ኦስትሪያን ከሰሰ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2003 በሰጠው ውሳኔ የሸቀጦች ነፃ ዝውውር መገደቡን አምኖ፣ ሐሳብን የመግለጽና የመሰብሰብ መብት ግን ገደቡን ተገቢ እንደሚያደርገው ፈረደ።

መንግሥት ራሱ ሲሞክር ግን አልተሳካለትም። ፍርድ ቤቱ በ2000 ኦስትሪያ በብሬነር የጨመረችውን የመንገድ ክፍያ የውጭ መኪኖችን የሚያዳላና ከመንገዱ ወጪ ጋር ያልተመጣጠነ ነው አለ። የተወሰኑ ሸቀጦች በከባድ መኪና እንዳይጓጓዙ የሚከለክሉ ድንጋጌዎችንም በ2005 እና በ2011 ሕገ ወጥ አደረገ። ውሳኔዎቹ እርስ በርሳቸው አይጣረሱም፤ ሰልፉ አስቀድሞ የታወቀና የአጭር ጊዜ ነበር፣ ክልከላው ግን ዘላቂ ነው። ውጤታቸው ሲደመር ግን የቲሮል አስተዳደር በዋጋ ሊያደርግ ያልቻለውን በሌሊት ጉዞ ክልከላ፣ በድጋሚ በወጣ የሸቀጥ ክልከላና በሰዓት የሚያልፉ መኪኖችን በመቁጠር ወደ ማድረግ ገባ። ጣሊያንም በ2024 ኦስትሪያን በዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሰች።

የጣሊያን አቤቱታ የሚናቅ አይደለም። የሰሜን ጣሊያን ፋብሪካዎች ወደ ጀርመን የሚልኩት ሸቀጥ በዚህ በር ያልፋል፤ እያንዳንዱ የመቆሚያ ሰዓት ወጪ ነው። ሆኖም ጠቡን የሁለት አገሮች ጠብ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳስታል። የ1919ኙ መሥመር የለያያቸው የሰሜንና የደቡብ ቲሮል ሸለቆዎች ያንኑ ጭስና ያንኑ ጩኸት ይጋራሉ። እውነተኛው ክፍፍል በሸለቆውና በሜዳው ገበያ መካከል ነው።

የስዊዘርላንድ ልምድ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል። በ1994 ሕዝቧ አልፕስን የሚያቋርጠው ጭነት ወደ ባቡር እንዲዛወር በድምፁ ወሰነ፤ በ2001 በክብደትና በርቀት የሚሰላ ክፍያ ተጀመረ፤ በ2016 የ57 ኪሎ ሜትሩ የጎትሃርድ ዋሻ ተከፈተ። በዓመት በመተላለፊያዎቿ ሁሉ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ከ1 ሚሊዮን በታች ናቸው። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባለመሆኗ ግን ሰፊ የመደራደሪያ ነፃነት ነበራት፤ ዋጋዋን ስታስወድድም ከጭነቱ ከፊሉ ወደ ርካሹ ብሬነር ዞሯል። በአንድ በር ብቻ የሚተመን ዋጋ ችግሩን ወደ ጎረቤት በር ይገፋዋል።

አሁን ተስፋ የተጣለው በ2032 ይከፈታል ተብሎ በሚጠበቀው፣ 55 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የብሬነር የባቡር ዋሻ ላይ ነው። እስከዚያው ያረጀው የሉዌግ ድልድይ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ በአብዛኛው በየአቅጣጫው በአንድ መሥመር ብቻ ያስተናግዳል። ዋሻው ግን ጭነቱን በራሱ አይስብም፤ በጀርመን በኩል የሚደርሰው ሐዲድ ገና አከራካሪ ነው፣ መንገዱም ከባቡሩ እስከረከሰ ድረስ ነጋዴው መንገዱን ይመርጣል። ኦስትሪያ፣ ጣሊያንና ጀርመን የሸለቆውን ጉዳት የሚያካትት አንድ ዋጋ ካልተስማሙ፣ ዋጋው መተመኑ አይቀርም፤ የሚተምኑት ግን ዳኞችና መንገድ የሚዘጉ ነዋሪዎች ይሆናሉ።