ውጅግራ፤ የኢላማው ህፀፅና ምርመራው

ውጅግራ የፈረንሳይ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ አንዲት ባለ 11 ሚሊሜትር ጥይት ብቻ የሚጎርስና በእጅ የሚቀባበል ነፍጥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ውጫሌ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ ጠብ ምክንያት በሚዘነጋው 6ኛ አንቀጹ፣ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ ለምኒልክ ብቻ ሲፈቅድ፣ ውጅግራ በኢትዮጵያ እጅግ የተወደደ ነበር።

ኢላማ የሳተ እንደሆነ፣ ተኳሹን ከመውቀስ አስቀድሞ የአፈሙዙን ውስጥ መመርመር ይገባል፤ ጥቁሩ ባሩድ በተተኮሰ ቁጥር ጥቀርሻውን በጥምዝ ቦዮቹ ላይ እያነጠፈ የእርሳሱን አካሄድ ስለሚያውክ፣ ጥቀርሻውም በክረምት ጭጋግ እርጥበት ስቦ ብረቱን ስለሚያዝግ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ሊቀባ ያስፈልጋል። ብረቱን ከሰደፉ እንጨት የሚያያይዙት ቀለበቶችና ብሎኖች የላሉ እንደሆነም ይጠበቃሉ። መወልወያው ዘንግ በግዴለሽነት እየተገፋ የአፉን ጠርዝ ከበላው ግን፣ ያ ጉዳት በእጥበት አይድንም።