የታወቀ ቃል፣ አዲስ ፊደል፦ አስቴር ጋኖና የ1894ቱ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ

የኦሮምኛ የጽሑፍ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠራው፣ በ1899 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና የታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከእርሱም ጋር የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1894፣ በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው በእምኩሉ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ማተሚያ ቤት አንድ የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። የቋንቋን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ትንሽ መጽሐፍ ከትልቁ የሚያንስ ክብደት የለውም። በውስጡ የገቡት ሥነ ቃሎች የተገኙት ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም ካልራቀ ከአንዲት ወጣት ትዝታ ነው። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል።

አስቴር በነፃነት ተወልዳ፣ በኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት የተዳረገች ልጅ ነበረች። በ1886 በዓረብ ምድር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን በባሕር ላይ ያዟት፤ ነፃ ወጥታም በእምኩሉ ወደሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ያገኛት ኦኔሲሞስ የሕይወቱ መነሻ ከእርሷ ብዙም የተለየ አልነበረም። ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ፣ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙ «ተርጓሚ» ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መገጣጠም ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አንባቢ አያምነውም።

የተርጓሚው ችግር የነበረው ቋንቋው ራሱ ነው። ኦኔሲሞስ በስዊድን ተምሯል፤ ትርጉምንም በትጋት ይዞታል። ይሁን እንጂ ከወገኖቹ መካከል የወጣው በሕፃንነቱ ስለ ሆነ፣ የአዋቂ ሰው ኦሮምኛ፣ ማለትም የሸንጎው፣ የለቅሶው፣ የምርቃቱና የተረቱ ቋንቋ በሙላት አልነበረውም። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት የተደረጉት የቀደሙ ሙከራዎችም አልተሳኩም። የጎደለውን የሞሉት በእምኩሉ የተሰበሰቡ ነፃ የወጡ የኦሮሞ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የቋንቋ ስጦታዋ ጎልቶ የታየው አስቴር ነበረች። የኦሮምኛ ቃላትን እንድትሰበስብ ተመደበች፤ ስብስቡም በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ተረጎመች። ከዚህም ሌላ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህ ከፊሎቹ ናቸው በ1894ቱ መጽሐፍ የገቡት።

የዚህን ምርጫ ዋጋ ለመገመት ፊደሉን መመልከት ያስፈልጋል። መጽሐፎቹ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ኦሮምኛ አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢዎች አሉት፤ ግዕዝ ግን በሰባት ቤቶቹ ይህን ልዩነት ሁሉ አይሸከምም። አጭሩን በግዕዝ ቤት፣ ረጅሙን በራብዕ በመጻፍ ለገ (ወንዝ) እና ላጋ (ላንቃ) ሊለዩ ይችላሉ፤ በሌሎቹ አናባቢዎች ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። የመጥበቅና የመላላት ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሶዳ ሲላላ «ፍርሃት» ነው፤ ዳ ሲጠብቅ «አማች» ይሆናል። ጽሕፈቱ አንድ ነው። አማርኛ አንባቢም በየዕለቱ ገና እና ገናን በዐውድ እየለየ ስለሚያነብ ችግሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ማንበብን ገና ለጀመረ ሰው ግን ዐውድ የሚባለው ነገር አልተፈጠረለትም፤ ቃሉን በቃል እየቆጠረ ነውና የሚሄደው።

እዚህ ላይ ነው የአስቴር ስብስብ ሥራውን የሚሠራው። ሂቦን፣ ማለትም እንቆቅልሽን፣ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ቤት ያውቀዋል። የዓረፍተ ነገሩን መነሻ ካወቀ መድረሻውን ያውቃል፤ የትኛው ድምፅ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚረዝም ጆሮው አስቀድሞ ይነግረዋል። ፊደሉ የተወውን ክፍተት ትዝታው ይሞላዋል። በማያውቀው ታሪክ፣ በማያውቀው የሩቅ አገር ስም የታጀበ የትርጉም ጽሑፍ ግን ይህን ድጋፍ አይሰጥም፤ አንባቢው ፊደሉንም ይዘቱንም በአንድ ጊዜ መማር ይኖርበታል። አስቴርና ኦኔሲሞስ ይህን በንድፈ ሐሳብ መልክ አስበውት ነበር ማለት አያስፈልግም። አስተማሪዎች ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውም ፊታቸው ተቀምጠዋል።

ወጣት ኦሮሞዎች ለጽሑፍ ሥራ ምንጭ ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ካርል ቱቼክ ያዘጋጀውና በ1844 ሙኒክ ላይ የታተመው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የተመሠረተው፣ ከባርነት ነፃ ወጥቶ ወደ ባቫርያ በተወሰደው በአካፈዴ ንግግር ላይ ነው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም በትርጉም ሥራው በኦሮሞ ረዳቶች ተጠቅሟል። በነዚያ ሥራዎች ግን ወጣቱ ይናገራል፣ ጸሐፊው ሌላ ነው፤ የቱቼክ መጽሐፍም በዋነኛነት ለአውሮፓ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። በእምኩሉ የተናገረችውም የጻፈችውም አንዲት ሴት ነች፤ አንባቢውም ኦሮሞ ነው። ይህ ልዩነት በሥነ ልሳን ታሪክ ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባዋል። አስቴርን «የኦኔሲሞስ ረዳት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ የቃላት ስብስብ፣ የትርጉምና የሥነ ቃል ሥራዋ በአንድነት ሲታይ ግን ቃሉ ጠባብ ነው። ኦኔሲሞስን ማሳነስም አይደለም፤ ከራሱ የተሻለ የምታውቅ ወጣት መኖሯን ተቀብሎ ብዕሩን ማጋራቱ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1904 ሁለቱ ከሌሎች ኦሮሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም አስተማሪ ሆነች። በስደት የተዘጋጀው መጽሐፍ ቋንቋው ወደሚነገርበት አገር የደረሰው ያኔ ነው። ኦኔሲሞስ በ1931 አረፈ። አስቴር ከእርሱ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ በ1964 አረፈች።

በ1991 የላቲን ፊደል ለኦሮምኛ ተመረጠ። በቁቤ የሶዳ ሁለት ትርጉሞች በጽሕፈት ይለያሉ፤ የሚጠብቀው ድምፅ በሁለት ፊደል፣ የሚላላው በአንድ ይጻፋል። የዛሬው የኦሮምኛ ተማሪ የ1894ቱን መጽሐፍ ለማንበብ የግዕዝ ፊደል መማር ወይም ወደ ቁቤ የተገለበጠ ቅጂ ማግኘት አለበት። እንቆቅልሾቹን ግን አያቱ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ብዙዎቹን ያለ ፊደል ሊሰማቸው ይችላል።