የይርጋጨፌ ቡና ስም የተቋረጠበት ቦታ፤ በመረጃ ፍሰት ንድፍ የታየ አጭር የታሪክ ጥናት

ቡና ከገበሬው ጓሮ ተነሥቶ ባሕር እስኪሻገር ድረስ ሁለት ነገሮች ይጓዛሉ። አንደኛው ራሱ ቡናው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ቡናው የሚነገረው መረጃ ነው፤ ይኸውም የማን እንደ ሆነ፥ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ፥ ክብደቱና ደረጃው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚገልጸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው በጌዴኦ ዞን፥ በይርጋጨፌ ቡና ንግድ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ የትና ለምን እንደ ተለያዩ ነው።

ለዚህ የሚረዳን መሣሪያ የመረጃ ፍሰት ንድፍ የሚባለው ነው። ዘዴው በተለይ ቶም ዴማርኮ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፥ አንድ የመረጃ ሥርዓት ከመሠራቱ በፊት ምን ሊያሟላ እንደሚገባው በወረቀት ላይ ያሳያል። ምልክቶቹ አራት ብቻ ናቸው፤ መረጃ የሚሰጥ ወይም የሚቀበል የውጭ ወገን፥ መረጃውን የሚለውጥ ሥራ፥ መረጃው የሚቀመጥበት መዝገብ፥ እነዚህንም የሚያገናኝ ቀስት። ንድፉ የመረጃውን እንጂ የዕቃውን ጉዞ አያሳይም። ከአንድ ሥራ የሚወጣ መረጃ ሁሉ አስቀድሞ ከገባው የተገኘ መሆን ስላለበት፥ የተቋረጠ ቀስት ወዲያው ይታያል።

የቀድሞውን የጨረታ ሥርዓት በዚህ ዘዴ ብንነድፈው እንዲህ ይሆናል። ገበሬው እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ ወይም ለማጠቢያ ጣቢያ ይሸጣል፤ አቅራቢው የታጠበውን ቡና ወደ አዲስ አበባ ያመጣል፤ ላኪውም ናሙናውን አይቶ በጨረታ ይገዛል። የገበሬው ስም ከመንገድ ቢቀርም፥ የአቅራቢው ማንነት እስከ ጨረታው ድረስ ይታወቅ ነበር። ወደ ገበሬው ተመልሶ የገበያውን ዋጋ የሚነግረው ቀስት ግን ቀጭን ነበር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. የቡና ግብይት ወደ ምርት ገበያው ገባ። በአዲሱ ሥርዓት ዲላን በመሰለ የመረከቢያ ማዕከል ከቡናው ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው በምስጢር ቁጥር ይለያል፤ ቀማሾች ባለቤቱን ሳያውቁ ደረጃ ይሰጡታል፤ ቡናውም ከአምሳያው ጋር ይከማቻል። አስቀማጩ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል።

ስሙ የተቋረጠው እዚህ ላይ ነው። የአስቀማጩ ስም ለክፍያ ሲባል በመዝገቡ ውስጥ ቢኖርም፥ ከመዝገቡ ወደ ገዢው የሚወጣው ቀስት የያዘው የአካባቢውን ምድብና ደረጃውን ነበር። ይህም የቸልተኝነት ውጤት አይደለም፤ ስሙን መሸፈኑ አድልዎን ለመከላከል፥ በምድብ ማከማቸቱ ደግሞ ዕቃውን ሳያዩ በእምነት ለመገበያየት ታስቦ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ቶሎና ያለ ሥጋት ማግኘቱ፥ የዋጋ መረጃም መሰራጨቱ የማይካድ ጥቅም ነው። ነገር ግን ለልዩ ጣዕም ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍለው የውጭ ቆዪ የጣቢያውን ስም ይፈልግ ነበር፤ የእርሱ ፍላጎት በሥርዓቱ ውስጥ ቀስት አልተሳለለትም። የሚያስደንቀው ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2007 መሆኑ ነው። የወረዳው ስም በተከበረ ማግሥት የጣቢያዎቹ ስም ተሸፈነ ማለት ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ግን የአባል ማኅበራቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ይችል ስለ ነበር፥ የማኅበሩ ስም እስከ ገዢው ይደርስ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከምርት ገበያው ውጭ የሚደረገውን ቀጥተኛ ትስስር ለሌሎችም አሰፋ። የአውሮጳ ኅብረት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2023 ያወጣው የደን ጥበቃ ሕግ ደግሞ፥ ተፈጻሚነቱ ቢራዘምም፥ ቡናው የበቀለበት መሬት የት እንደ ሆነ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እንግዲህ ቀስቱ ከጣቢያው ሳይሆን ከማሳው ሊነሣ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ንድፍ የሚያሳየው የተጠየቀውን ፍላጎት ብቻ መሆኑን ነው። ሥርዓቱ የተጠየቀውን አድልዎ የሌለበትን ደረጃና አስተማማኝ ክፍያን አሟልቷል፤ ያልተጠየቀውን ግን ሊያሟላ አልቻለም። ስለዚህ ወደፊት የሚነደፍ የቡና መረጃ ሥርዓት ሁሉ ከመጋዘኑ በር ሳይሆን ከገበሬው ጓሮ ቢጀምር፥ በሚስሉትም ሰዎች መካከል ገበሬው ቢቀመጥ፥ የተቋረጠውን ቀስት ዘግይቶ ከመቀጠል ያድናል።