የዓድዋው አረፋ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር ወርደው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ፣ በአገሬው ቋንቋ በሸብቲ፣ ልብስ ያጥባሉ። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተንሳፍፈዋል። ወጣቱ ተመራማሪ በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ አኖሩና ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋው ጥቂት ጠብ እንድታደርግበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ቀንድ አውጣው ከሞተ በሽታው መንገድ ያጣል። በታማሚ ሰገራ ወደ ውሃ የገባው የትሉ እንቁላል ሲፈለፈል ቀንድ አውጣ ውስጥ ካልገባ አይራባም፤ ሰውንም የሚይዘው ከዚያ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ የቆመን እግር ቆዳ በስቶ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ኬሚስቶች በኋላ የደረሱበት ነገር ነው። በእንዶድ ፍሬ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንደተፈጥሮው ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ ግን የራሱ ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ የስኳሩን ክፍል ቆርጦ ይጥላል፤ መርዙ የሚነቃው ያኔ ነው። ፍሬው በቀጥታ በአልኮል ከተጨመቀ ይህ ለውጥ አይካሄድም። ሙቀጫና ቀዝቃዛ ውሃ፣ የእናቶቻችን የልብስ አጠባ ዘዴ፣ ኬሚስትሪው የሚፈልገው ራሱ ነበር። ከፍሬው ከተለዩት ንጥረ ነገሮች አንዱ በተመራማሪው ስም ሌማቶክሲን ተባለ።

ከ1969 እስከ 1974 እንዶድ በዓድዋ ውሃዎች ላይ ተሞከረ። በከተማው በጠቅላላ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7። ሁለተኛው ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ እንዶድም የተያዘን ሰው ስለማይፈውስ፣ የአዋቂዎቹ ቁጥር የቆየውን በሽታ ይዞ ይቆያል። አዲስ መተላለፍ መቀነሱ የሚታየው በሕፃናቱ ነው። እርግጥ የአንድ ከተማ የበፊትና የኋላ ንጽጽር ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል መታወቅ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ረጅምና የሚያሳዝን ነው። ለዘመናት ልብስ የታጠበበት ፍሬ ደህንነቱ በውጭ ቤተ ሙከራዎች ደረጃ እስኪመሰከር ድረስ ሰፊ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ለዚያ ምርመራ ገንዘብ ማግኘቱም ዓመታት ፈጀ። የደህንነት ጥያቄው ተገቢ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በአደባባይ ያማረሩት ግን አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሳይንስ ስለማይታመን ነው፤ የነገሩን አካሄድ ለተከታተለ ቅሬታቸው ተራ ምሬት አይደለም። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚህ መሀል የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ምርቱና ኃይሉ የላቀውን፣ ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። ሁለቱም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አሁን በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል በልጁ ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ክኒኑን የዋጠው ልጅ በማግሥቱ ያንኑ ወንዝ ሲሻገር ግን ቀንድ አውጣዎቹ እዚያው ናቸው።