ጥይት የሚጎርሰው የጥርስ መርፌ

ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የማደንዘዣውን መርፌ ትኩር ብሎ አያየውም፤ ማየትም አይፈልግም። ደፍሮ ቢያየው ግን በሌላው የሕክምና ክፍል ከሚያውቀው ሲሪንጅ ጋር እንደማይመሳሰል ይገባው ነበር። አካሉ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው፤ ጎኑ ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ጎኑም ትንሽ የመስታወት ካርትሪጅ ይጎርሳል፤ ልክ ጠመንጃ ጥይት እንደሚጎርሰው። ይህ መመሳሰል ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮኬይን ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1884 የቪየናው ወጣት ሐኪም ካርል ኮለር ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ፤ መጀመሪያ በእንቁራሪት ዓይን፣ ኋላም የራሱን ዓይን በስፒል ራስ እየነካ ነበር የሞከረው። ወሬው አትላንቲክን ለመሻገር ብዙ አልፈጀበትም። ዓመቱ ሳያልቅ ኒውዮርክ ላይ ዊልያም ሃልስቴድና ሪቻርድ ሆል የተባሉ ሐኪሞች መድኃኒቱን በመርፌ መንጋጋ ውስጥ ወጉት፤ የታችኛው መንጋጋ ነርቭ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት ሥፍራ አጠገብ ሲሆን ከንፈሩም ድዱም ደነዘዘ። ሆል ራሱ ታካሚ ሆኖ በዚሁ ዘዴ የፊት ጥርሱን አስሞልቷል። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ሁለቱም በገዛ ሰውነታቸው ላይ ሲሞክሩ የኮኬይን ሱሰኞች ሆነው ቀሩ። ሃልስቴድ በኋላ የጆንስ ሆፕኪንስ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና መምህር ቢሆንም ከሱስ ጋር የነበረው ትግል አልለቀቀውም።

በ1904 ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ አይንሆርን ኖቮኬይንን ሠራ፤ ሱስ የማያስይዝ ማደንዘዣ ተገኘ። ሃይንሪሽ ብራውን ደግሞ አድሬናሊን ጨመረበት፤ የደም ሥሮችን አጥብቦ መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ቶሎ እንዳይሸሽ ያደርጋል። መድኃኒቱ እንዲህ ሲሻሻል ዕቃው ግን ወደኋላ ቀረ። ሐኪሙ የማደንዘዣውን ኪኒን በፈላ ውኃ ያሟሟል፣ በሲሪንጅ ይስባል፣ ይወጋል። ኃይሉ ከእጅ እጅ ይለያያል፤ ንጽሕናውም እንደ ባለሙያው ጥንቃቄ ነው። መርፌው ተቀቅሎ ለቀጣዩ ታካሚ ያገለግላል፤ ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል። በእኔ እይታ የዚያን ዘመን ታካሚ ማስፈራት የነበረበት ሕመሙ ሳይሆን ይህ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ሃርቪ ኩክ፣ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ጥይት ሲያጎርሱ አይቶ ሐሳቡ እንደመጣለት ይነገራል። ጥይት ሲሠራ ባሩዱ ተመዝኖ ይገባበታል፤ ተኳሹ ማጉረስ ብቻ ነው ሥራው። መድኃኒቱስ ለምን እንዲህ አይሆንም? ኩክ የመስታወት ቱቦ ቆረጠ፣ ጫፉን በእርሳስ ላጲስ ደፈነ፣ በውስጡ ማደንዘዣውን ሞላ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ካርትሪጁም የሚጎርሰው ሲሪንጅም ገበያ ላይ ነበሩ።

ዛሬም የካርትሪጁ አሠራር ከዚያ ብዙ አልራቀም። በአንዱ ጫፍ የጎማ ውታፍ፣ በሌላው በአሉሚኒየም ቆብ የተያዘ ስስ ጎማ አለ። መርፌው በሁለቱም በኩል ሹል ነው፤ የኋላው ጫፍ ስሱን ጎማ ይበሳል፣ የፊተኛው ድድ ይወጋል። በብዙ አገር የተለመደው ካርትሪጅ 1.8 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 2 በመቶ ሊዶኬይን ከሆነ 36 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ሐኪሙ በሚሊ ሊትር መጨነቁን ትቶ «ስንት ካርትሪጅ ሰጠሁ?» ብሎ ይቆጥራል። አንዳንድ ጊዜ በመስታወቱ ውስጥ የምትታየው ትንሽ አረፋም የፋብሪካ ስሕተት አይደለችም፤ ኦክስጅን አድሬናሊኑን እንዳያበላሸው የተነፋ ናይትሮጅን ናት።

ሊዶኬይን ራሱ የገብስ ልጅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1930ዎቹ ስቶክሆልም ውስጥ ገብስን የሚያጠኑ ኬሚስቶች የሠሩትን አንድ ውሕድ ሲቀምሱት ምላስ አደነዘዘ። ያንን ፍንጭ የተከተሉት ኒልስ ሎፍግሬን እና ተማሪው ቤንግት ሉንድክቪስት በ1943 ሊዶኬይንን አገኙ፤ ሉንድክቪስት መርፌውን በራሱ ላይ ነበር የሚሞክረው። አስትራ የተባለው ኩባንያ በ1948 ለገበያ አቀረበው። ሉንድክቪስት ብዙም ሳይቆይ በ1953 ገና በወጣትነቱ ዐረፈ።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። የመንጋጋው ነርቭ ከደም ሥሮች ጎን ለጎን ይሄዳል፤ መርፌው ሥር ውስጥ ከገባ አድሬናሊኑ ልብን ያስደልቃል። ስለዚህ በመግፊያው ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ጦር ያለ እሾህ ተደረገ፤ የጎማ ውታፉን ይነክሰዋል። ሐኪሙ ከመግፋቱ በፊት ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ትንሽ ወደኋላ ይስባል። መስታወቱ ውስጥ ደም ከታየ መርፌው ቦታ ይቀይራል። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ተጠቅመው የሚጥሉት መርፌ መጣና የመሳያውን ድንጋይ ከክሊኒክ አስወጣው።

በ1997 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መርፌ ይዞ ብቅ አለ። እንደ እስክሪብቶ ይያዛል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የሐኪሙ እግር የሚረግጠው ፔዳል ነው። ሕመሙ በአብዛኛው የሚመጣው መድኃኒቱ በችኮላ ሲገፋ ስለሆነ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም፤ አብዛኛው ሐኪም ዛሬም የብረቱን መርፌ ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ እየገፋ ይሠራል።