ካሜራው በባለ ታሪኩ እጅ ሲገባ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚጠፋው ሰነዱ ሲቃጠል ብቻ አይደለም። ተራኪው ባዕድ የሆነ እንደሆነ፣ ታሪክ እየተነገረም ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ አውስትራሊያ ዐይነተኛ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1788 የእንግሊዝ መርከቦች እስረኞችንና ወታደሮችን ጭነው የዛሬዋ ሲድኒ ከተቆረቆረችበት ወደብ ሲደርሱ፣ በምድሪቱ ላይ ከብዙ አሥር ሺህ ዓመታት ጀምሮ የኖሩ፣ የየራሳቸው ቋንቋ፣ ሕግና ዜማ ያላቸው ሕዝቦች ነበሩ። በመጻሕፍት ለረጅም ዘመን የተተረከው ግን የሰፋሪዎቹ ገድል ነበር። የሥነ ሰብእ ሊቁ ስታነር በ1968 በሬዲዮ ባሰማው ተከታታይ ንግግር ይህን ሁኔታ «ታላቁ የአውስትራሊያ ዝምታ» ሲል ሰየመው። ዝምታውን በፊልምና በቴሌቪዥን ለመስበር ከተነሡት የጥበብ ሰዎች መካከል ዲሬክተር ሬቸል ፐርኪንስ ግንባር ቀደም ስፍራ አላት።

ሬቸል በ1970 በካንቤራ ተወለደች፤ የዘር ሐረጓ ከአረርንቴና ከካልካዱን ሕዝቦች ይመዘዛል። አባቷ ቻርልስ ፐርኪንስ በ1965 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአውቶቡስ አሳፍሮ የኒው ሳውዝ ዌልስን የገጠር ከተሞች ያዳረሰውን «የነፃነት ጉዞ» ከመሩት አንዱ ነበር። ሞሪ በምትባለው ከተማ የአቦርጂን ሕፃናት ከሕዝብ መዋኛ ገንዳ እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። ተማሪዎቹ ሕፃናቱን ይዘው ወደ ገንዳው ሲሄዱ የተነሣው ግርግር በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተሰራጨና አገሪቱ የራሷን ገጽታ እንድታይ አስገደዳት። ከሁለት ዓመት በኋላ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው አቦርጂኖች በሕዝብ ቆጠራ እንዲካተቱ ድምፁን ሰጠ።

ልጂቱ በ18 ዓመቷ ወደ አባቷ የትውልድ አገር ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ሄዳ፣ አቦርጂኖች በ1980 ባቋቋሙት የመገናኛ ብዙኃን ማኅበር ውስጥ ሙያውን ከሥር ጀምራ ተማረች። በ1992 «ብላክፌላ ፊልምስ» የተባለውን ድርጅት መሠረተች። የአባቷን የነፃነት ጉዞ የሚተርከውን ዘጋቢ ፊልም የሠራችውም በዚያው ሰሞን ነው።

የመጀመሪያው ረጅም የልብ ወለድ ፊልሟ በ1998 የወጣው «ሬድያንስ» ነው። ለእናታቸው ቀብር የተሰበሰቡ የሦስት እኅትማማቾችን ሕይወት የሚያሳየው ይህ ሥራ፣ ከሉዊስ ናውራ ተውኔት የተወሰደ ሲሆን ተዋናይቱን ዴብራ ሜልማንን ለአገሪቱ ከፍተኛ የፊልም ሽልማት አብቅቷል።

ከሥራዎቿ ሁሉ የጠለቀው ምናልባት በ2001 የቀረበው «ዋን ናይት ዘ ሙን» ሳይሆን አይቀርም። ርዝመቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛውን የሚናገረው በዜማ ነው። በ1930ዎቹ የአንድ ሰፋሪ ገበሬ ሕፃን ልጅ በሌሊት ከቤት ወጥታ ትጠፋለች። ዱካ በመከተል የተካነ አቦርጂን ፖሊሶቹን ሊመራ ይመጣል። አባትየው ግን ጥቁር ሰው መሬቴን አይረግጥም ብሎ ይመልሰዋል። ነጮቹ ፈላጊዎች በሰልፍ ሲተራመሱ ምልክቱን እየረገጡ ያልፋሉ። ውሎ አድሮ እናቲቱ ራሷ ወደ ዱካ ተከታታዩ ትሄዳለች፤ የሚገኘው ግን የልጂቱ አስክሬን ነው። ዲሬክተሯ ዘረኝነትን በስብከት አላወገዘችም። መሬቱን የያዘው ሰው መሬቱን ማንበብ እንደማይችል፣ ማንበብ የሚችለውም እንዳይረግጠው እንደ ተከለከለ በማሳየት ብቻ ፍርዱን ለተመልካች ተወች።

በ2008 የቀረበው ባለ ሰባት ክፍል ዘጋቢ ፊልም «ፈርስት አውስትራሊያንስ» ታሪኩን ከ1788 ጀምሮ በነባር ሕዝቦች ዐይን ተረከው። በ2012 ደግሞ «ማቦ» በተሰኘው የቴሌቪዥን ፊልም የሜር ደሴት ተወላጅ የኤዲ ማቦን ሕይወት አቀረበች። ማቦ በ1982 ከወገኖቹ ጋር ለደሴቱ መሬት ክስ መሠረተ። በጥር 1992 ሞተ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አውስትራሊያ ባለቤት አልባ ምድር ነበረች የሚለውን ሐሳብ የሻረው ከአምስት ወር በኋላ ሰኔ 3 ቀን ነበር። ፊልሙ ከችሎቱ ይልቅ በጋብቻው፣ በድህነቱና በጓዳው ላይ ማተኮሩ፣ ታላቅ ሕግ ከተራ ሰው ማጀት እንደሚወለድ ያሳያል። በዚያው ዓመት የጀመረው «ሬድፈርን ናው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ደግሞ በነባር ሕዝቦች ተጽፎ፣ ተዘጋጅቶና ተተውኖ ተሸላሚ ሆነ።

በ2022 በወጣው «ዘ አውስትራሊያን ዎርስ» በሰፋሪዎችና በነባር ሕዝቦች መካከል የተካሄደው ውጊያ በስሙ ጦርነት ተብሎ እንዲጠራ ሞገተች። ፊልሙ በታየበት ወር የካንቤራው የጦርነት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ለዚሁ ግጭት ሰፊ ስፍራ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይሁን እንጂ ለነባር ሕዝቦች በሕገ መንግሥቱ የምክር ድምፅ እንዲሰጥ በጥቅምት 2023 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ ሬቸል ከዘመቻው መሪዎች አንዷ ብትሆንም፣ 60 በመቶ ያህሉ መራጭ እንቢ አለ።

ከዚህ የኪነ ጥበብን ኃይልና ወሰን መረዳት ይቻላል። ፊልም በሕዝብ ፈንታ ድምፅ አይሰጥም፤ አሮጌ ፍርሃትንም በአንድ ምሽት አይነቅልም። ሊያደርግ የሚችለው፣ የሆነው እንዳልሆነ ተደርጎ እንዳይነገር መመስከር ነው። «እንቢ» ያለው ትውልድ እንኳ አላየሁም፣ አልሰማሁም ሊል አይችልም። የሬቸል ፐርኪንስ የሦስት ዐሥርት ዓመታት ድካም ፍሬም ይኸው ነው።